ደቂቃ ያጣ ተጫዋች

በ2013 ዓ.ም. ኮሮና የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ከየክለቡ ሜዳ አስነሥቶ በጥቂት ከተሞች ሰበሰበው። ክለቦቹ ሻንጣቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ሐዋሳ ዞሩ። የዲኤስቲቪ ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጉን ይዞ በተጓዘበት በዚያ ዓመት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም የሊጉ ቡድኖች በሙሉ ተራ በተራ የሚታዩበት መድረክ ሆነ። መንገዱን ተከትሎ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ለሚገኘው ለአጋሮ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ቡና ለቅሞ፣ ቡና አጥቦ፣ ቡና ሸጦ የሚኖር ከተማ «ኢትዮጵያ ቡና» ለሚባል ክለብ ልቡ ቢያደላ አይፈረድበትም።

የዚያ ዓመት ጀግና የቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር ነበር። በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ያስመዘገበውን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ቢሆንም ወሬው ሁሉ የአቡበከር ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። ሰንዳውንስ እ.ኤ.አ. በ2016 የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግን ያነሣ፣ በአገሩ ሊግ ደግሞ ያን ጊዜ ዋንጫውን በየዓመቱ እየደጋገመ ይወስድ የነበረ ክለብ ነው።

ወራት አለፉ። ጥያቄው በየሻይ ቤቱ መነሣት ጀመረ፤ «አቡበከር ለምን አይሰለፍም?» አንዱ ጉዳቱን ያነሣል፣ ሌላው አሰልጣኙን ይወቅሳል፣ ሦስተኛው «የእኛ ሊግ ግብ ግብ አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ጉዳቱ እውነት ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ከሜዳ አርቆታል። የሦስተኛው ሰው ፍርድ ግን መመርመር አለበት። ምክንያቱም ይኸው ፍርድ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በሌላ ስፖርት፣ በሌላ አህጉር ልጆች ላይ ተፈርዶ ነበር። የተሳሳተ መሆኑም በቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። ስፖርቱ ቅርጫት ኳስ፣ ልጆቹ ደግሞ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካው ኤንቢኤ የሄዱት ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺቤኒክ የምትባል የክሮኤሽያ የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። ድራዘን ፔትሮቪች የተወለደው እዚያ ነው፤ በ1964። በሃያዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ እሱን የሚያቆም ተከላካይ አልተገኘም። ከዛግሬቡ ሲቦና ጋር በ1985 እና በ1986 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በአንድ የዩጎዝላቪያ ሊግ ጨዋታ ብቻውን 112 ነጥብ አስቆጠረ። በ1989 ለፖርትላንድ ሊጫወት አሜሪካ ገባ። በዚያው ዓመት ከምሥራቅ አውሮፓ አምስት ተጫዋቾች ኤንቢኤን ተቀላቅለዋል፤ እነ ቭላዴ ዲቫጽና ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ፔትሮቪች ግን ከሁሉም ይልቅ የሚጠበቅ ነበር።

ፖርትላንድ የጠበቀው ተጠባባቂ ወንበር ነው። ከፊቱ ክላይድ ድሬክስለርና ቴሪ ፖርተር ተሰልፈዋል፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት እስከ ፍጻሜ የደረሰ ኃያል ቡድን ነው። አሰልጣኙ ሪክ አድልማን የሚያሸንፍለትን አሰላለፍ የሚያፈርስበት ምክንያት አልነበረውም። ፔትሮቪች በአማካይ በጨዋታ 12.6 ደቂቃ ተሰልፎ 7.6 ነጥብ አስቆጠረ። በሁለተኛው ዓመት ዳኒ ኤንጅ የሚባል ሌላ ልምድ ያለው ተጫዋች መጣበትና ደቂቃው ወደ 7.4 ወረደ፤ ነጥቡም 4.4 ሆነ። አሜሪካኖቹ አውሮፓዊ መከላከል አይችልም፣ ለስላሳ ነው፣ ለኤንቢኤ አይሆንም ሲሉ ማስረጃ ያገኙ መሰላቸው።

በጥር 1991 ኒው ጀርሲ ወሰደው። ኒው ጀርሲ ያን ጊዜ ደካማ ቡድን ነው፤ ደካማ ቡድን ደግሞ ለአዲስ ሰው ቦታ አያጣም። በዚያው ዓመት ቀሪ ጨዋታዎች 20.5 ደቂቃ ተሰጠው፤ 12.6 ነጥብ አስቆጠረ። በሚቀጥለው ዓመት 36.9 ደቂቃ አገኘ፤ 20.6 ነጥብ። በ1993 ደግሞ ነጥቡ 22.3 ደረሰ። ሰውየው ያው ነው፤ እጁም ያው እጅ። ከዓመት ዓመት የተለወጠው ትልቁ ነገር ሜዳ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። በጁን 7 ቀን 1993 ጀርመን ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 28 ዓመቱ ነበር። በ2002 የቅርጫት ኳስ ታላላቆች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ አንድ ሰው «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ደቂቃ አልሰጡትም? ችሎታው አይታይም ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከፊሉ ጨዋታው ራሱ ነው። ከሩቅ ሲታይ ቅርጫት ኳስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ሁለት ቅርጫት፣ አምስት ለአምስት። ሆኖም የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፤ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ የሚካሄደው የአውሮፓና የእኛም ጨዋታ 40። የፊባ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ሲሆን የአሜሪካው ጥቂት ይረዝማል፣ ጥቂትም ይሰፋል። የሦስት ነጥብ መስመሩ በፊባ 6.75 ሜትር ነው፤ በኤንቢኤ ከቅርጫቱ ፊት ለፊት 7.24 ሜትር። ግማሽ ሜትር ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እጁን ያሠለጠነው ለአጭሩ ርቀት ነው። በፊባ በአምስተኛው ጥፋት የሚወጣው ተጫዋች በኤንቢኤ እስከ ስድስተኛው ይቆያል።

ከፔትሮቪች በኋላ ለመጡት ግን ከሁሉ የሚከብደው የመከላከል ሕጉ ነው። አውሮፓ ውስጥ ረጅሙ ተከላካይ ቅርጫቱ ሥር እንደ ዘበኛ ቆሞ መዋል ይችላል። ኤንቢኤ ከ2001 ጀምሮ ማንንም ተጠግቶ ካልያዘ ከሦስት ሰከንድ በላይ እዚያ እንዳይቆም ከለከለ። በዚህ ምክንያት መሐሉ ባዶ ይሆናል፤ ተከላካይ ከዓለም ፈጣኑን ሰው ለብቻው ሊያቆም ይገደዳል። አውሮፓ ላይ በቡድን መከላከልን የተማረ ልጅ እዚህ ብቻውን ይጋለጣል። በሌላ በኩል ማጥቃት የሚችል ልጅ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ክፍት ቦታ ያገኛል። አንዱ ሕግ አንዱን ይሰብራል፣ ሌላውን ያነሣል።

የጨዋታው ብዛትም አለ። የኤንቢኤ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ 82 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ዛሬ በአንድ ከተማ፣ ነገ በሌላ። አውሮፓ ውስጥ ቀን በቀን፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ ልምምድ የለመደ ተጫዋች እዚያ ሲደርስ የልምምድ ቀን ያጣል። ስሕተቱን የሚያርምበት ቦታ ጨዋታው ራሱ ነው፤ በጨዋታው ካልተሰለፈ ደግሞ የሚያርምበት የለም። እኔ ከሁሉም ችግር ይህን አስቀድማለሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚያጣው ነጥብ ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ሰዓቱን ጭምር ነው።

በአጋሮ ዙሪያ፣ በጎማ ወረዳ፣ የቡና ችግኝ አፍልቶ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት ኳስ ማየት አያስፈልገውም። ችግኙ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ በሣር ዳስ ጥላ ሥር ያድጋል። ወደ ማሳ ሊወጣ ሲቃረብ የዳሱ ሣር በአንድ ቀን አይገፈፍም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ ፀሐዩ ይለመዳል፣ ውኃውም ይቀነሳል። ክረምቱ ሲገባ ይተከላል፤ ያኔም ቢሆን ከዋንዛው ወይም ከብርብራው ጥላ ሥር ነው። በመልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉ ዝርያዎች እንኳ የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማሉ እንጂ ከዚህ ደንብ አያመልጡም። ፍሬ የሚጠበቀው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በአንደኛው ዓመት አላፈራም ብሎ ችግኙን የሚነቅል ገበሬ ጎማ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

አሜሪካኖቹ ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች በ2014 ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ፣ ድራፍት በሚባለው፣ 41ኛ ሆኖ በዴንቨር ተመረጠ። ቡድኑ አላጣደፈውም፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ በአገሩ ሜጋ በተባለ ክለብ ሙሉ ጊዜ እየተሰለፈ እንዲቆይ ተወው። በ2015 ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በ2023 ደግሞ ዴንቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አድርጓል።

ጀርመናዊው ዲርክ ኖቪትስኪ እንዲህ ያለ ጊዜ አላገኘም፤ ያገኘው ሰው ነው። ዉርትስቡርግ ከተማ ውስጥ ሆልገር ጌሽቪንድነር የሚባል በ1972 ኦሎምፒክ ለምዕራብ ጀርመን የተጫወተ ሰው ቀጭኑን ረጅም ልጅ አይቶ ሊያሠለጥነው ወሰነ። ሥልጠናው ለየት ያለ ነበር። ለልጁ ቁመት የሚስማማውን የኳስ አወራወር ማዕዘን በፊዚክስ ቀመር ያሰላል፤ የእግሩን ምት በሙዚቃ ያስለምደዋል፤ መጽሐፍ ያስነብበዋል። ኖቪትስኪ በ1998 ዘጠነኛ ሆኖ ተመርጦ ዳላስ ሲደርስ አሰልጣኙ ዶን ኔልሰን ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ይሆናል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። እንዲህ ያለ ንግግር ለሃያ ዓመት ልጅ ስጦታ አይደለም። በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ምክንያት ወደ 50 ጨዋታ ባጠረው በዚያ ዓመት ኖቪትስኪ ያስቆጠረው በአማካይ 8.2 ነጥብ ብቻ ነበር። ብዙዎች ተሳሳቱበት አሉ። ዳላስ ግን በዚያ ዓመት ከ50 ጨዋታ 31ዱን የተሸነፈ ቡድን ነበርና ልጁን ወንበር ላይ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም። በሁለተኛው ዓመት ወደ 36 ደቂቃ ተሰጠው፤ ነጥቡ ከእጥፍ በላይ አድጎ 17.5 ሆነ። እረፍት በመጣ ቁጥር ከጌሽቪንድነር ጋር ይለማመድ ነበር። በ2007 የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች፣ በ2011 ሻምፒዮን ሆነ፤ 21 ዓመት ሙሉ ዳላስን አልለቀቀም።

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳየው ዳርኮ ሚሊቺች ነው። በ2003 ምርጫ ሌብሮን ጄምስ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛው ይህ የ18 ዓመት ሰርቢያዊ ነበር። ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ከእሱ በኋላ ተመረጡ። የወሰደው ዲትሮይት በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። ልጁ በ34 ጨዋታዎች፣ በአማካይ 4.7 ደቂቃ ብቻ ተሰለፈ። የሻምፒዮንነት ቀለበት አገኘ፣ ጨዋታውን ግን ሳይማር ቀረ። ሚሊቺች ራሱ በኋላ በወጣትነቱ የሠራውን ጥፋት አልካደም፤ ስለዚህ ሁሉን በአሰልጣኙ ላይ መጫን አይገባም። ዲትሮይት ባይሆን ኖሮ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሜዳው ይህን ያህል ካልን፣ ከሜዳ ውጭ ያለውን ደግሞ ያኒስ አዴቶኩንቦ ያስረዳናል። ከናይጄሪያ ወላጆች አቴንስ ውስጥ ተወልዶ፣ ያደገበት አገር ዜግነት የሰጠው በ2013፣ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ነው። የመጣው ከግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲሆን በዚያው ዓመት ምርጫ 15ኛ ሆኖ ሚልዋውኪ ደረሰ። ሚልዋውኪ በክረምት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ የጨዋታ ቀን ያኒስ በዌስተርን ዩኒየን ለቤተሰቡ ገንዘብ ሊልክ ሄደ፤ በኪሱ የነበረውን በሙሉ ላከና ለታክሲ የሚሆን አላስቀረም። በዚያ ብርድ ወደ ስታዲየሙ መሮጥ ጀመረ። በመኪና የሚያልፉ ባልና ሚስት አዲሱ ተጫዋች መሆኑን አውቀው አሳፈሩት። ልጅ ዐረብ አገር ወይም አሜሪካ የላከ የአጋሮ ቤተሰብ ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 6.8 ነጥብ ብቻ ነው ያስቆጠረው። ሚልዋውኪ በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታ 67ቱን ተሸነፈ፤ በሊጉ የመጨረሻው ቡድን ነበር። እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ልጁን በየጨዋታው ወደ 25 ደቂቃ አሰለፈው። ወላጆቹና ታናናሽ ወንድሞቹም የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ቪዛ አግኝተው አጠገቡ ደረሱ። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2021 ዋንጫውን ባነሣበት የመጨረሻ ጨዋታ ለብቻው 50 ነጥብ አስቆጠረ።

አሁን ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል። ኤንቢኤ ድራፍቱን የሠራው ደካማ ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል እንዲኖረው አድርጎ ነው። ዓላማው ሊጉን ማመጣጠን ነበር። ሆኖም ሳይታሰብ ለወጣቱ እንግዳ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ጎበዙ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ተጫዋች ወደተራበ ቡድን ነው። ስሎቬናዊው ሉካ ዶንቺች በ13 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገብቶ፣ በ19 ዓመቱ የአውሮፓ ክለቦች ውድድር የሆነውን የዩሮሊግን ዋንጫና የምርጥ ተጫዋችነት ሽልማት ይዞ በ2018 ዳላስ ሲደርስ፣ ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 58 ጨዋታ የተሸነፈ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኳሱን ሰጡት። በአማካይ 32 ደቂቃ፣ 21.2 ነጥብ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች። ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማም በ2023 የሄደበት ሳን አንቶኒዮ 60 ጨዋታ ተሸንፎ የመጣ ቡድን ነው። ዶንቺች ኤንቢኤ ውስጥ ነጥብ ማስቆጠር ከአውሮፓ ይቀላል ማለቱ አሜሪካኖቹን አስቆጥቶ ነበር፤ ስለ ሦስት ሰከንዱ ሕግ ለሚያውቅ ግን የሚያስገርም አባባል አይደለም።

በእግር ኳስ ዓለም ድራፍት እምብዛም የለም። ልጁ የሚሄደው የሚከፍል ክለብ ጋ ነው፤ የሚከፍለው ክለብ ደግሞ ብርቱው ነው፤ ብርቱው ክለብ ወንበሩ ሙሉ ነው። አቡበከር የሄደበት ሰንዳውንስ እንደ ፔትሮቪች ፖርትላንድ፣ እንደ ሚሊቺች ዲትሮይት ያለ ቤት ነው። ጉዳቱ ባይጨመርበት እንኳ 29 ግብ ይዞ የመጣ የ22 ዓመት ልጅ እዚያ አሰላለፍ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ቢፈጅበት ማንም ሊደነቅ አይገባም ነበር። ሁለት ዓመት የሚታገሠው ግን ጥቂት ነው፤ ክለቡም፣ ደጋፊውም፣ አንዳንዴ ቤተሰቡም አይታገሥም።

ሌላ መንገድ የያዘም አለ። ኑኒ ኦሞት ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው በኬንያ የተወለደ፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ያደገ ልጅ ነው። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት ትንንሽ ኮሌጆችን አልፏል፤ በ2018 ኤንቢኤ አልመረጠውም። አውሮፓን ጨምሮ ብዙ ሰው ስማቸውን በማያውቃቸው ሊጎች፣ በሚያሰልፉት ቡድኖች ውስጥ ተጫወተ። በ2023 በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ዋንጫ አንሥቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2024 የደቡብ ሱዳንን ማልያ ለብሶ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ተሰለፈ። ጋምቤላ ውስጥ ኳስ ለሚያንጥሩ ረጃጅም ልጆች ከዮኪች ታሪክ ይልቅ የእሱ ይቀርባል ብዬ አስባለሁ።

የኤንቢኤ ውድድር የሚከፈተው በጥቅምት፣ በአጋሮ ዙሪያ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ማታ የሚጀመር ጨዋታ አጋሮ ላይ ንጋት አካባቢ ስለሚሆን፣ ለመልቀም የሚወጣ ወጣት በመንገዱ ላይ ውጤቱን በስልኩ ማየት ይችላል። የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የነጥብ ዝርዝር ነው። ከነጥቡ ጎን ለጎን ግን ሌላ ዓምድ አለ፤ የተሰለፈበት ደቂቃ።

የእኛ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድም የሚያስፈርመው ወኪል ይህን ዓምድ ቢያነብ ጥሩ ነው። ክለቡ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለወጣት ተጫዋች ስንት ደቂቃ ሰጠ? በእሱ ቦታ የሚጫወቱት ስንት ናቸው? ካልተሰለፈ ለሌላ ክለብ በውሰት የሚሰጥበት አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ? ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ቤት የሚያሳየው፣ ባንክ የሚወስደው ሰው ማን ነው? ደመወዙን ሁሉም ይጠይቃል፤ እነዚህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እናንተም ደጋፊዎች፣ የሚቀጥለው ልጅ ሲሄድ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ግብ አገባ ከማለታችሁ በፊት ስንት ደቂቃ ተሰለፈ ብላችሁ ጠይቁ።